ባንኩ የገዛው ኢንሹራንስ ማንን ይሸፍናል?

ወዳጄ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ ሲመጣ አራት ፖስታ ይዞ ነበር። ሁለቱ ገና አልተከፈቱም። ዋሽንግተን አካባቢ ካለው ደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ እያመላለሰ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው። መኪናዋን የገዛት በ72 ወር ብድር ሲሆን፣ ወርሃዊው 486 ዶላር ከሒሳቡ በራሱ ጊዜ ይቆረጣል። «አንድም ወር አላሳለፍኩም» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ አላሳለፈም። ደብዳቤው ግን ክፍያህ ተጓድሏል፣ ካላሟላህ መኪናዋን እንወስዳለን ይላል። ከታች በደቃቅ ፊደል አዲሱ ወርሃዊ ክፍያ ተጽፏል፦ 731 ዶላር።

ያልተከፈቱትን ስንከፍት ነገሩ ተገለጠ። ከወራት በፊት የመኪና ኢንሹራንሱ ሲወደድበት የድሮውን መክፈል አቁሞ ሌላ ኩባንያ ገብቷል። በመሃል 11 ቀን ያለ ኢንሹራንስ ነድቷል። አዲሱን ሲገባም የአበዳሪውን ስም ውሉ ላይ አላስጻፈም፤ የጠየቀውም የለም። አበዳሪው «መኪናዋ ኢንሹራንስ የላትም» ብሎ ሁለት ጊዜ ጻፈለት፤ መልስ ሲያጣ ራሱ ኢንሹራንስ ገዛና ሒሳቡን ዕዳው ላይ ደመረው። ይህን ስነግረው የወዳጄ ፊት በራ። «እንዲያ ከሆነማ ምን ከፋኝ? ሁለት ኢንሹራንስ አለኝ ማለት ነው» አለ።

የለውም። ባንኩ የገዛው ኢንሹራንስ የባንኩ ነው። ይህንን አንድ ነገር ብዙ ሰው፣ እንግሊዝኛው የተዋጣለት ሰው ጭምር፣ አዙሮ ነው የሚረዳው።

በሙያው ሰዎች ዘንድ ይህ ሽፋን «ፎርስ ፕሌስድ» ይባላል፤ «ሲፒአይ» በሚል ምሕጻርም ይጠሩታል፣ የመያዣ መጠበቂያ ኢንሹራንስ እንደ ማለት ነው። መኪናዋ ብትጋጭ ወይም ብትሰረቅ ገንዘቡ የሚሄደው ለአበዳሪው ነው፤ ያውም ከቀሪው ዕዳና ከመኪናዋ የወቅቱ ዋጋ አነስተኛው ተመርጦ። የሌላ ሰው መኪና ብትመታ አይከፍልልህም። እግረኛ ብትጎዳ አይከፍልልህም። የራስህን የሆስፒታል ወጪም አይነካም። ፖሊስ አስቁሞ ኢንሹራንስህን ሲጠይቅ የምታሳየው ወረቀት አይደለም፤ ስቴቱም ሕጉ የሚፈልገው ኢንሹራንስ አድርጎ አይቆጥረውም። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ሰው ራሱ ፈልጎ ከሚገዛው ሙሉ ሽፋን ይበልጣል። ሲፒአይ የሚሸጠው ኩባንያ የሾፌሩን ታሪክ አይቶ ዋጋ አይቀንስም፤ ሁሉንም በጅምላ ነው የሚቀበለው። ገዢው ደግሞ ዋጋ ለማስቀነስ የሚያስቸኩለው ነገር የለም፤ ከፋዩ እሱ አይደለምና።

ሰው ኢንሹራንሱን የሚያቋርጠው በግድየለሽነት ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ያለፉትን ዓመታት ዋጋ አላየም ማለት ነው። በአሜሪካ መንግሥት የዋጋ መለኪያ መሠረት የመኪና ኢንሹራንስ በማርች 2024 ከዓመት በፊት ከነበረበት በ22.2 በመቶ ጨምሮ ነበር፤ በኤፕሪል 22.6 በመቶ ደረሰ። እንዲህ ያለ ጭማሪ ከ1970ዎቹ ወዲህ አልታየም። በኮቪድ ጊዜ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ናረ። የዛሬ መኪና ባምፐሩ ውስጥ ካሜራና ሴንሰር ስለተቀበረ፣ ድሮ በመዶሻ ይቃና የነበረ ግጭት ዛሬ በሺዎች ይቆጠራል። ኩባንያዎቹ ኪሳራቸውን ለመሙላት በየስቴቱ ጭማሪ አስፈቀዱ። ይህ ሁሉ የወረደው ደግሞ መኪናዋን በውድ ዘመን በረጅም ብድር ገዝቶ ዕዳው ከመኪናዋ ዋጋ በላይ በሆነበት ሰው ላይ ነው። ክሬዲታቸው ዝቅ ያለ ተበዳሪዎች ምን እንደደረሰባቸው ፊች የተባለው የደረጃ መዳቢ ድርጅት አሳይቷል፤ በጃንዋሪ 2025 ክፍያቸው 60 ቀንና ከዚያ በላይ ያለፈባቸው 6.56 በመቶ ሆነው ተገኙ። ቆጠራው ከተጀመረ ከ1994 ወዲህ እስከዚያ ወር ድረስ ያን ያህል ደርሶ አያውቅም።

ወር ሲያልቅ ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ሰው ያመዛዝናል። የቤት ኪራይ አይታለፍም። የመኪናው ብድር ቢታለፍ መኪናዋ ትሄዳለች ብሎ ይፈራል። ኢንሹራንሱ ግን ዛሬ ባይከፈል ነገ ጠዋት መኪናዋ ትነሳለች፣ ሥራ ትወስዳለች፣ ምንም የተለወጠ ነገር አይታይም። ስለዚህ የሚታለፈው እሱ ነው። ስሌቱ የሞኝ ስሌት አይደለም፤ ከዓይን የተሰወረ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል። በብድር ውሉ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ማንም በማያነበው ገጽ፣ ተበዳሪው ዕዳው እስኪያልቅ ሙሉ ሽፋን ይዞ እንደሚቆይ ይጻፋል፤ ከራሱ ኪስ የሚከፍለው ዲደክቲብል ከዚህ አይበልጥም የሚል ጣሪያም ይቀመጣል። ይህን ማፍረስ ብድሩን አለመክፈል ያህል ነው። 40 ወር ሳያስተጓጉል የከፈለ ሰው በኢንሹራንስ ብቻ ውል አፍራሽ ይሆናል። ሙሉውን ትቶ ሕጉ ግድ የሚለውን ላያቢሊቲ (የሦስተኛ ወገን ሽፋን) ብቻ የያዘም እንዲሁ፤ ለስቴቱ ሕጋዊ ነው፣ ለአበዳሪው ግን ውል አፍርሷል።

ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ይህ ጭራሽ እንግዳ ነገር አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ መሆኑን ያውቃል። በባንክ ብድር መኪና የገዛ ደግሞ ሊብሬው ባንክ እንደሚቀመጥና ሙሉ ሽፋን እያሳደሰ ማቅረብ እንዳለበት ያውቃል። ልዩነቱ አከፋፈሉ ላይ ነው። እዚያ የለመደው በዓመት አንድ ጊዜ መክፈልን ነው፤ ቀኑ ይታወቃል፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ይጠራቀማል። እዚህ ውሉ ብዙውን ጊዜ የስድስት ወር ሆኖ በየወሩ ይከፈላል፤ በየወሩ መክፈል ማለት በየወሩ የመቋረጥ ዕድል ማለት ነው። ካርዱ ቢቀየር፣ ሒሳቡ ውስጥ 20 ዶላር ቢጎድል፣ ማስጠንቀቂያ ይላካል፤ በብዙ ስቴት ቢያንስ 10 ቀን ይሰጣል። ከዚያ ውሉ በተጻፈበት ቀን 12:01 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ፣ ሰውየው ተኝቶ ሳለ ያበቃል። የመቋረጡ ዜና ውሉ ላይ ስሙ ለተጻፈው አበዳሪም ይላካል። እድር ውስጥ ሁለት ወር ያልከፈለ ሰው ቤቱ ድረስ የሚሄድ ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ አያጣም፤ ከመሰረዙ በፊት ይመከራል፣ ይቀጣል፣ ይታገሡታል። እዚህ ጉዳዩን የሚከታተለው አበዳሪው የቀጠረው ሌላ ኩባንያ ነው፤ በኮምፒውተር የመኪናውን ቁጥርና የኢንሹራንሱን መዝገብ ያመሳክራል፣ ካልገጠመለት ደብዳቤ ያትማል።

መመሳከሩ ደግሞ ይሳሳታል፤ የተበዳሪው መከራ የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ብድሩ ለሌላ ባንክ ሲሸጥ ኢንሹራንሱ ላይ ያለው የድሮው አበዳሪ ስም ይሆንና «የለም» ይባላል። ከ17ቱ የመኪና መለያ ቁጥሮች አንዱ ሲሳሳት «የለም» ይባላል። ወኪሉ አበዳሪውን ማስገባት ሲረሳ፣ እንደ ወዳጄ፣ «የለም» ይባላል። በ2017 የዌልስ ፋርጎ ጉዳይ ሲጋለጥ ይህ ምን ያህል ሰው ሊያጠፋ እንደሚችል አገር አየ። ባንኩ በዚያ ዓመት ጁላይ እንዳስታወቀው፣ እስከ 570,000 የሚደርሱ የመኪና ተበዳሪዎች ኢንሹራንስ እያላቸው ሲፒአይ ተገዝቶባቸው ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህ ውስጥ ወደ 20,000 የሚጠጉት በዚያ ተጨማሪ ወጪ ምክንያት መኪናቸውን ሳይነጠቁ አልቀሩም። ደጋግሜ የማስበው ይህን ሁለተኛ ቁጥር ነው። ሰዎቹ ኢንሹራንሳቸውን ይከፍሉ ነበር። ብድራቸውን ይከፍሉ ነበር። ያልከፈሉት የማያስፈልጋቸውን ሦስተኛ ነገር ነው፤ እሱ ከብድሩ ጋር ስለተደመረ ብድሩን ያልከፈሉ መሰሉ። በኤፕሪል 2018 የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮና የባንኮች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በዚህና በቤት ብድር ጉዳይ ባንኩን 1 ቢሊዮን ዶላር ቀጡት። በዲሴምበር 2022 ቢሮው የመኪና ብድርን፣ የቤት ብድርንና የባንክ ሒሳቦችን አንድ ላይ ባካተተ ሌላ ውሳኔ 3.7 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል አዘዘው፤ ከዚህ ከ2 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው ለተጎዱ ደንበኞች የሚመለስ ነበር።

አበዳሪ መያዣውን መጠበቁን አልቃወምም። 25,000 ዶላር አበድሮ መኪናዋ ያለ ሽፋን ስትንከራተት እጁን አጣጥፎ ይይ የሚል የለም። የምቃወመው አሠራሩን ነው። ኢንሹራንሱን የሚመርጠው፣ ዋጋውን የሚቀበለው፣ ዕዳው ላይ የሚደምረው፣ ሲጎድል መኪናዋን የሚወስደው አንድ እጅ ነው። ከፋዩ በየትኛውም ደረጃ ላይ ድምፅ የለውም። የወዳጄን የሒሳብ መግለጫ ወር በወር ዘርግተን አየነው። የሚልከው 486 ዶላር ከአዲሱ 731 ስለሚያንስ በየወሩ 245 ዶላር ጎደሎ ይመዘገባል፤ በጎደሎው ላይ የመዘግየት ቅጣት ይጨመራል። በአምስተኛው ወር ጎደሎው ቅጣቱን ሳይጨምር 1,225 ዶላር ደረሰ። በየወሩ ቀኑን ጠብቆ የከፈለ ሰው በወረቀት ላይ ሁለት ወር ተኩል ወደኋላ የቀረ ሆነ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሕጉ ለአበዳሪው አቅልሎለታል። በአብዛኛው ስቴት አበዳሪ ረብሻ እስካላስነሳ ድረስ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መኪናዋን መውሰድ ይችላል፤ ሌሊት ከደጅ ቶው ትራክ ይጎትታታል። በጨረታ በርካሽ ትሸጣለች። የመጎተቻው፣ የማቆያውና የሽያጩ ወጪ ተቀንሶ የተረፈው ከዕዳው ካነሰ ልዩነቱን ተበዳሪው ይጠየቃል። መኪና የለውም፣ ዕዳ ግን አለበት። መኪናዋ እንዲህ መወሰዷም (ሪፖ የሚሉት) ክሬዲቱ ላይ 7 ዓመት ይቀመጣል።

የራስ ኢንሹራንስ በተቋረጠበት ክፍተት ውስጥ ግጭት ቢደርስስ? ዕዳው 22,000፣ የመኪናዋ ዋጋ 16,000 ነው እንበል። ምንም ኢንሹራንስ ከሌለ መኪናዋ ቶታል በሆነች ማግሥትም 22,000ው እንዳለ ነው፤ ወሩ ሲደርስ ይከፈላል። ሲፒአይ ካለ ለባንኩ ወደ 16,000 ገደማ ይከፍላል፤ ቀሪው 6,000 ከነዲደክቲብሉ የተበዳሪው ነው። «ጋፕ ገዝቼ የለ?» የሚል ይኖራል። ሻጩ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲፈረም ጋፕ የተጨመረበት ሰው ብዙ ነው። ግን ጋፕ የሚያሟላው የሾፌሩ የራሱ ኢንሹራንስ ከፍሎ የጎደለውን ነው፤ በብዙ የጋፕ ውል የመጀመሪያው ከሌለ ሁለተኛው አይንቀሳቀስም። የተመታው ሰው ጠበቃ ይዞ ሲመጣ ደግሞ የሚከላከልልህ ኩባንያ የለም። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ግድ የምትለው ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎጂዎች በሙሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሾፌር ይህን ሁሉ ከኪሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል።

ለኡበርና ለሊፍት ሾፌሮች ነገሩ ይብሳል፤ ከእኛ ሰው ስንቱ በዚህ ሥራ ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር ለዋሽንግተን አካባቢ ኗሪ መንገር አያስፈልግም። ተሳፋሪ ሲጫን የኩባንያው 1 ሚሊዮን ዶላር ላያቢሊቲ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። የራስን መኪና የሚያሠራው ሽፋን ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሾፌሩ በግሉ ሙሉ ሽፋን ከሌለው የኩባንያውም የለም። ቢኖርም ዲደክቲብሉ 2,500 ዶላር ነው። ስለዚህ የግል ኢንሹራንሱ ሌሊት የተቋረጠበት ሾፌር ጠዋት አፑን ከፍቶ ሲወጣ ሁለት ሽፋን ነው ያጣው። ስልኩ ላይ ግን ጥሪው እንደወትሮው ይጮኻል።

ቨርጂኒያ ለብዙ ዓመት ለየት ያለ ሕግ ነበራት፤ 500 ዶላር ለመኪና መዝጋቢው መሥሪያ ቤት (ዲኤምቪ) ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይፈቀድ ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። አሁንም ያ በር ክፍት የሚመስለው ሰው ይገጥመኛል፤ ለባለ ብድር መኪና ግን ያኔም ቢሆን የሚረባ መንገድ አልነበረም፣ የብድር ውሉ አይፈቅድምና። ሜሪላንድና ዲሲ በበኩላቸው ኢንሹራንስ የተቋረጠባትን መኪና ቀን ቆጥረው ይቀጣሉ፤ ከመጀመሪያው 30 ቀን በኋላ በየቀኑ 7 ዶላር። መኪናዋ ቆማ ብትውልም ታርጋዋ እስካልተመለሰ ድረስ ቆጠራው አይቆምም።

ስለ ራሳችንም አንድ ነገር ልበል፤ በፍቅር ነው የምለው። በዘመድ ክሬዲት መኪና መግዛት ደግነት ነው፤ ባይተዋር ሆኖ የመጣ ሰው ያለዚያ እንዴት ሥራ ይጀምራል? ግን ብድሩ በእህት ስም፣ ኢንሹራንሱ በወንድም ስም ሲሆን፣ ግጭት ሲደርስ ኩባንያው «ይህ መኪና የማን ነው?» ብሎ ክፍያውን ሊያጓትት አልፎም ሊከለክል ይችላል፤ መኪናዋ ብትወሰድም ክሬዲቷ የሚበላሸው የእህት ነው። አድራሻም እንዲሁ ነው። ዋጋው ይቀንሳል ብሎ ወይም ሳይቀይር ቀርቶ ደብዳቤው የአጎት ልጅ ቤት የሚሄድበት ሰው አውቃለሁ፤ ወዳጄ አንዱ ነው። ደብዳቤዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግ የአጎቱ ልጅ ማቀዝቀዣ ላይ ተከምረው፣ እሱ አሌክሳንድሪያ ተኝቶ ነበር። የአጎቱ ልጅ በደለኛ አይደለም፤ ማስታወቂያ መስሎታል፤ የፖስታው መልክ በእርግጥም ማስታወቂያ ይመስላል።

በጊዜው ሲያዝ ነገሩ ይቃናል። ኢንሹራንሱ በተቋረጠ በቀናት ውስጥ ለኩባንያው የደወለ፣ በመሃል አደጋ እንዳልደረሰበት ፈርሞ ውሉ ሳይበጠስ ሊቀጠልለት ይችላል። ጭማሪው የከበደው ዲደክቲብሉን የብድር ውሉ እስከሚፈቅደው ጣሪያ ከፍ ማድረግ ይችላል። በግል ኩባንያዎች ለተገፋ የሜሪላንድ ነዋሪ ስቴቱ ያቋቋመው ሜሪላንድ ኦቶ ኢንሹራንስ አለ። እቁብ የሚጥል ሰው ደግሞ ዕጣው ሲወጣለት የስድስት ወሩን ባንዴ ቢከፍል ብዙ ኩባንያዎች ቅናሽ ያደርጋሉ፤ በየወሩ የመቋረጥ ስጋቱም ይቀራል። አንድ ቡና ቤት ውስጥ አምስት ሾፌሮች ለዚህ ብቻ እቁብ ቢጀምሩ ደስታዬ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የተበዳሪው ድርሻ ነው፤ የአበዳሪው ድርሻ በሕግ መጻፍ አለበት። ዕዳ ላይ ከመደመሩ በፊት በስልክ ይደወል። የሚመጣው ክፍያ መጀመሪያ ለብድሩ ይዋል፤ የሲፒአይ ሒሳብ በተናጠል ይያዝ፤ በእሱ ምክንያት ብቻ የማንም መኪና አትወሰድ። የማያስፈልግ ሲፒአይ መጫን በሕግ ፊት አግባብ ያልሆነ ድርጊት መሆኑን ሲናገር የኖረው የሸማቾች ቢሮ ሠራተኞቹ በፌብሩዋሪ 2025 ሥራ እንዲያቆሙ ከታዘዙ ወዲህ አቅሙ ተዳክሟል። ስለዚህ ተስፋዬ በየስቴቱ ምክር ቤት ላይ ነው። በሪችመንድና በአናፖሊስ ያሉ ተወካዮቻችን በምርጫ ሰሞን ምግብ ቤቶቻችን እየመጡ እጃችንን ይጨብጣሉ፤ ይህ ጥያቄ በአማርኛ ዘዬም ቢሆን ይቅረብላቸው።

ከወዳጄ ጋር ሰኞ ጠዋት ለአዲሱ ኢንሹራንስ ወኪል ደወልን። የአበዳሪው ስምና አድራሻ ገባ፤ ሽፋኑ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደጸና የሚያሳየው ዲክሌሬሽን ፔጅ ተላከልን። ያን ከደብዳቤው ጋር አያይዘን፣ ደብዳቤው ላይ በተጻፈው አድራሻ ኢንሹራንሱን ለሚከታተለው ኩባንያ ላክነው፤ ለባንኩም ቅጂ ላክን፣ የተላከበትን ማስረጃ ያዝን። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ወርሃዊው ወደ 486 ተመለሰ፣ የመዘግየት ቅጣቶቹ ተነሡ፣ የሲፒአዩ ሒሳብም ተሰረዘ፤ ከ11 ቀን በስተቀር። የእነዚያ 11 ቀናት ክፍያ ዕዳው ላይ እንዳለ ነው። ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ በእነዚያ ቀናት ስንት ተሳፋሪ እንደጫነ ቆጠረ፤ 94።